በህንድ ገንዘብ ላይ ያሉት አንበሶችና በባንዲራው መሃል ያለው መንኮራኩር የማን ናቸው?

ጥያቄው፦ «መምህር፣ እናቴን ለህክምና ኒው ዴልሂ ይዤ ሄጄ ነበር። ቪዛው ላይም፣ ገንዘባቸው ላይም፣ መሥሪያ ቤቶች ላይም ሶስት አንበሶች አሉ። ባንዲራቸው መሃል ደግሞ ሰማያዊ መንኮራኩር አለ። አስተርጓሚያችን አንበሶቹ የአምላካችን ናቸው አለን። ኢንተርኔት ላይ መንኮራኩሩ የቡድሃ ነው፣ 24ቱ ዘንጎች 24 መልካም ጠባዮች ናቸው ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ የጋንዲ የጥጥ መፍተያ ነው አለኝ። ለመሆኑ ሂንዱ የሚበዛበት አገር የቡድሃን ምልክት ለምን ባንዲራው ላይ ያደርጋል? ከኛ ሞዓ አንበሳ ጋርስ ይገናኛል?»

መልስ፦

እናትህን ፈጣሪ ጨርሶ ይማርልህ።

ቀላሉን ላስቀድም። ከሞዓ አንበሳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የኛው የመጣው ያዕቆብ ልጁን ይሁዳን ከመረቀበት ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ የህንዱ ሌላ ታሪክ ነው። የአስተርጓሚህ ስህተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ህንድ ውስጥ አንበሳ የምትጋልብ አምላክ አለች፣ ዱርጋ ትባላለች። ሥዕሏ በየሱቁና በየመኪናው ስለሚለጠፍ አንበሳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የምትለው እሷ ናት። ገንዘቡ ላይ ያሉት ግን የዱርጋም፣ የሌላ አምላክም አይደሉም። የአንድ ንጉሥ ናቸው። ስሙ አሾካ ይባላል። የማውሪያ ሥርወ መንግሥት ሶስተኛው ንጉሥ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ ነገሠ። መንኮራኩሩም የመጣው ከዚያው ከአንበሶቹ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ድንጋዩን ቀረብ ብለን እንየው። ቫራናሲ ከተማ አጠገብ ሳርናት የሚባል ቦታ አለ። ቡድሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው እዚያ እንደሆነ ይታመናል። አሾካ በዚያ ቦታ ረጅም የድንጋይ ዓምድ አስቆመ፣ ጫፉ ላይም አንበሶቹን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ኦርቴል የሚባል መሐንዲስ ቦታውን ሲያስቆፍር ዓምዱ ተሰባብሮ፣ አንበሶቹ ወድቀው ከአፈር ሥር ተገኙ። ከነመቆሚያቸው ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣሉ። የተቀረጹት ከአንድ ወጥ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ላዩ በደንብ ከመለስለሱ የተነሳ ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎበት ዛሬም ያብረቀርቃል።

አንበሶቹ ሶስት ሳይሆኑ አራት ናቸው። ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ወደ አራቱ ማዕዘን ስለሚያዩ አራተኛው ከፊት ለፊት አይታይም። ከእግራቸው ሥር ክብ መደብ አለ። በመደቡ ዙሪያ ዝሆን፣ በሬ፣ ፈረስና አንበሳ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሄዳሉ፤ በየመሃላቸው መንኮራኩር አለ፣ እያንዳንዱም ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጉ 24 ዘንጎች አሉት። ባንዲራው ላይ ያየኸው ይሄው ነው። የተረፈህ የሩፒ ሳንቲም ካለ አውጥተህ እየው፦ ከአንበሶቹ ሥር መሃል ላይ መንኮራኩር፣ በስተቀኝህ በሬ፣ በስተግራህ ፈረስ ታገኛለህ። ዋናው ድንጋይ ላይ ከሁሉ በታች ወደ ታች የተደፋ የሎተስ አበባም አለ፤ የመንግሥት ዓርማው ላይ ግን አበባው ቀርቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዓርማውም ከገንዘቡም ላይ ጠፍቷል፤ ለኔ ትልቁ እሱ ነው። በመጀመሪያ ሲሠራ ከአንበሶቹ ራስ በላይ ሌላ ግዙፍ መንኮራኩር ነበረ። ተሰብሮ ስብርባሪው ብቻ ተገኘ፤ 32 ዘንጎች እንደነበሩት ይገመታል። እንግዲህ ድንጋዩን በሙሉ አካሉ አስበው። አንበሶቹ ጫፍ ላይ አልነበሩም፣ ተሸካሚዎች ነበሩ። መንኮራኩሩ የሕግ ምልክት ስለሆነ፣ ከኃይል በላይ ሕግ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ዓርማውን የሚያይ ሰው የሚያየው ኃይሉን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አዲሱ ፓርላማ ጣሪያ ላይ 6.5 ሜትር ቁመትና 9,500 ኪሎ ክብደት ያለው የነሐስ ቅጂ ሲመረቅ የአንበሶቹ ፊት በጣም ተቆጥቷል ብለው ብዙዎች ተከራከሩ። ስለ ላይኛው መንኮራኩር አለመኖር የተከራከረ ግን አላየሁም።

መንኮራኩሩ «የቡድሃ ነው» የሚለው እውነት አለበት፣ ግን ከቡድሃም በፊት ነበረ። የህንድ ጥንታዊው ቅዱስ መዝሙር፣ ሪግ ቬዳ፣ ዓመትን 12 ዘንግ ባለው መንኮራኩር ይመስለዋል። ሰማይን እየዞረ የማያረጅ መንኮራኩር ነው፤ ላዩ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ 720 ልጆች አሉ ይላል። 12 ወር፣ 360 ቀንና 360 ሌሊት መሆኑ ነው። በኋላ ደግሞ ቪሽኑ የሚባለው አምላክ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክረው ስለታም መንኮራኩር መጣ። ስለ አሠራሩ የሚነገረው አፈ ታሪክ ደስ ይላል። የፀሐይ አምላክ ሚስት የባሏን ሙቀት መቋቋም አቅቷት ጥላው ሄደች። አባቷ ቪሽቫካርማ የአማልክት አንጥረኛ ነው። ፀሐይን መዞሪያው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ሞረደው፣ ድምቀቱንም ቀነሰለት። ከሚፈናጠረው ብርሃን የቪሽኑን መንኮራኩርና ሺቫ የሚባለውን የሌላውን አምላክ ባለሶስት ጣት ጦር ሠራ። ልብ በል፣ የቪሽኑ መንኮራኩር መሣሪያ ነው፣ አንገት ይቆርጣል። ባንዲራው ላይ ያለው እሱ አይደለም።

ለባንዲራው ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ አፈ ታሪክ ነው፤ የቡድሂስቶች ጥንታዊ ትምህርት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ጻድቅ ንጉሥ ሲነግሥ ከሰማይ የሆነ መንኮራኩር ይገለጥለታል። ንጉሡ ከወርቅ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይረጭለትና «ዙር፣ ድል አድርግ» ይለዋል። መንኮራኩሩ ወደ ምሥራቅ ይንከባለላል፣ ንጉሡም ከነሠራዊቱ ይከተለዋል። የምሥራቅ ነገሥታት ወጥተው «እንኳን ደህና መጣህ፣ አገሩ ያንተ ነው» ይሉታል። እሱም አትግደሉ፣ አትስረቁ፣ አትዋሹ ብሎ ይመክራቸውና ግዛታቸውን እንደ ድሮው እንዲያስተዳድሩ ይተዋቸዋል። እንዲህ እያለ አራቱንም ማዕዘን ያለ ሰይፍ ያዳርሳል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ተራ የንጉሥ ውዳሴ ነበር። ግን ይቀጥላል። ከትውልዶች በኋላ አንድ ንጉሥ ይነሣል፤ አገሩን ይጠብቃል፣ ለድሃው ግን አይሰጥም። ችግር ይመጣል። በችግሩ ምክንያት ሌብነት ይመጣል። መጀመሪያ የተያዘውን ሌባ ንጉሡ ሲጠይቀው «የምበላው አጥቼ ነው» ይለዋል፣ ንጉሡም ገንዘብ ይሰጠዋል። ይሄን የሰማ ሁሉ ለመስረቅ ተነሣ። ንጉሡ በዚህ ተናዶ የሚቀጥለውን አንገቱን አስቆረጠው። ሌቦቹም «እኛም ሰይፍ እናሠራ» አሉ። ከዚያ መግደል፣ ከዚያ መዋሸት፣ ከዚያ ሌላ ክፋት ተከተለ፤ 80,000 ዓመት የነበረው የሰው ዕድሜ እየተሸራረፈ እስከ 10 ዓመት ይወርዳል። አንድ ንጉሥ ድሆቹን ስላልረዳ ዓለም ከነሰዉ ተበላሸ። ከህንድ አፈ ታሪኮች ሁሉ ስለ መንግሥት እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሌላ አላውቅም።

የቡድሃ ተከታዮች ይህንኑ ሃሳብ ወስደው ቡድሃ ሳርናት ላይ ሲያስተምር «የሕግን መንኮራኩር አዞረ» አሉ። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የቡድሃን ፊት በድንጋይ መቅረጽ የተለመደ ስላልነበረ ሳንቺና ባርሁት በሚባሉት ጥንታዊ የቡድሂስት ቦታዎች ባሉ ቅርጾች ላይ እሱ በሚቀመጥበት ቦታ መንኮራኩር ታያለህ፤ ሰዎች ዙሪያውን ከበው ይሰግዳሉ። አንበሳውም ከዚሁ ይመጣል። ቡድሃ «የሻክያ ጎሣ አንበሳ» ይባላል፣ ስብከቱም የአንበሳ ግሣት ይባላል።

አሁን ወደ አሾካ ልመለስ። ዓርማው የሃይማኖት ብቻ ያልሆነበት ምክንያት እሱ ጋ ነው። በነገሠ በስምንት ዓመቱ ካሊንጋን ወጋ፤ ዛሬ ኦዲሻ የሚባለው የምሥራቅ ጠረፍ ነው። አሸነፈ። ከዚያም ጥንታዊ ነገሥታት የማያደርጉትን አደረገ፦ የጥፋቱን ቁጥር ራሱ በድንጋይ ላይ አስጻፈ። 150,000 ሰው ተግዞ ተወሰደ፣ 100,000 ተገደለ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ደግሞ አለቀ ይላል። እጅግ እንደጸጸተውም ይናገራል። ከእንግዲህ እውነተኛው ድል በዳርማ፣ ማለትም በትክክለኛ ምግባር የሚገኝ ድል ነው ይላል።

ግን እንደ ቅዱስ አድርገህ እንዳታየው። በዚያው ጽሑፍ ላይ የጫካ ሕዝቦችን ያስጠነቅቃል፤ ቢጸጸትም ኃይል እንዳለው እንዲያውቁ ይነግራቸዋል። የሞት ቅጣትንም አላስቀረም፤ ለተፈረደበት ሰው የሶስት ቀን ጊዜ ሰጠ እንጂ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ የጸጸት ጽሑፍ በራሷ በካሊንጋ የለም። ዳውሊና ጃውጋዳ በሚባሉት የካሊንጋ ቦታዎች ላይ ሌሎቹ አዋጆች ተጽፈዋል፤ የሙታኑ ቁጥር ያለበት ተዘልሎ በቦታው ሌላ ገብቷል፣ እዚያም ሰው ሁሉ ልጄ ነው ይላል። ልጆቻቸው ለሞቱባቸው ሰዎች ቁጥሩን ማንበብ እንደማይገባ አስቦ ይሁን ወይም ቂም እንዳይቀሰቀስ ፈርቶ፣ ሁለቱም ያስኬዳል።

የሰውየው ድምፅ በጣም ቅርብ የሚሆንብኝ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያው የአለት አዋጅ ላይ ስለ ወጥ ቤቱ ያወራል። ድሮ ለንጉሡ ወጥ በየቀኑ ብዙ መቶ ሺህ እንስሳ ይታረድ ነበር፤ አሁን ሶስት ብቻ ነው፦ ሁለት ፒኮክና አንድ አጋዘን፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም፣ ወደፊት ሶስቱም አይታረዱም ይላል። ያን የሚያህል ግዛት የሚገዛ ንጉሥ «አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም» ብሎ በአለት ላይ ሲያስቀርጽ አስበው።

እዚህ ላይ ወደኛ የሚጠጋ ነገር ስላለ ልጥቀሰው። ስለ ካሊንጋ ጦርነት ጸጸቱን በጻፈበት አዋጅ ላይ አሾካ መልእክቱ ደረሰባቸው የሚላቸውን አምስት የግሪክ ነገሥታት በስም ይጠራል። አንዱ የግብፁ ዳግማዊ ጵቶሎሚ ነው። የዚህ ጵቶሎሚ ልጅ፣ ሳልሳዊ ጵቶሎሚ፣ ድሉንና ከኛ አካባቢ ያስጠመዳቸውን ዝሆኖች የሚተርክ የግሪክኛ ጽሑፍ ነበረው፤ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ አግኝቶ ገልብጦታል። አሾካ ኢትዮጵያን ያውቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ዓለማቸው ግን አንድ ነበር።

አሾካ ከሞተ በኋላ ሁለት አሾካዎች ተፈጠሩ ማለት ይቻላል። አንደኛው የቡድሂስቶች ተረት ውስጥ ያለው ነው፦ 99 ወንድሞቹን የገደለ ጨካኝ፣ በኋላ ተለውጦ 84,000 ስቱፓ፣ ማለትም ጉልላት መሰል የቡድሂስት መታሰቢያ፣ የሠራ፣ በመጨረሻም ሀብቱን ሁሉ መጽውቶ ለመነኮሳቱ የሚሰጠው ግማሽ ፍሬ ብቻ የቀረው ንጉሥ። ሁለተኛው በድንጋዮቹ ላይ ያለው ነው፤ እሱን ማንበብ የሚችል ጠፋ። የጽሕፈቱ ፊደል ተረሳ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሡልጣን ፊሩዝ ሻህ ቱግሉቅ ከአሾካ ዓምዶች አንዱን ቶፕራ ከሚባል መንደር ወደ ዴልሂ አስመጣ። ዓምዱን በጥጥና በሸምበቆ አስጠቅልሎ፣ 42 መንኮራኩር ባለው ጋሪ አስጎትቶ፣ ያሙና ወንዝን በጀልባ አሻገረው። ከዚያ ሊቃውንቱን ጠርቶ አንብቡልኝ አለ። አንድም የቻለ አልነበረም።

ፊደሉ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ጄምስ ፕሪንሰፕ በካልካታ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የሚሠራ እንግሊዛዊ ነበር። ሳንቺ ላይ ያሉ አጫጭር ጽሑፎች ሁሉ በተመሳሳይ ፊደላት ሲያልቁ አየና «ይሄ የስጦታ መዝገብ ነው፣ መጨረሻው ‹ስጦታ› የሚል ቃል መሆን አለበት» ብሎ ገመተ። ልክ ነበር። ከዚያች ቃል ተነሥቶ ሌሎቹን ፈታ። ግን ጽሑፎቹ ላይ ያለው «በአማልክት የተወደደው ፒያዳሲ» የሚል ማዕረግ ነው፣ አሾካ አይልም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ከስሪላንካ ዜና መዋዕል ታወቀ። ስሙ ራሱ በድንጋይ ላይ በግልጽ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 ማስኪ በሚባል ቦታ ነው። ይሄን ሁሉ የምነግርህ ህንዶች ነጻ ሲወጡ አሾካ ለነሱ ምን እንደነበረ እንዲገባህ ነው። የድሮ ተረት አልነበረም፣ ገና የተገኘ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ጋንዲ መፍተያ። የነገረህ ሰው ከመሬት ተነሥቶ አላወራም። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የነጻነት ትግሉ ባንዲራ መሃል ላይ የጥጥ መፍተያ ነበረ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 1947 የሕገ መንግሥት ጉባኤው ባንዲራውን ሲያጸድቅ መፍተያው ወጥቶ የአሾካ መንኮራኩር ገባ። በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኔህሩ የሰጠው አንዱ ምክንያት በጣም ተራ ነው፦ ባንዲራ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መታየት አለበት፣ መፍተያ ግን ከጀርባ ሲታይ ይገለበጣል። መንኮራኩር አይገለበጥም። ስለዚህ ከመፍተያው መንኮራኩሩን ብቻ አስቀሩ፣ መልኩን ግን ከአሾካ ድንጋይ ወሰዱ። ጋንዲ አልተደሰተም። ለሱ መፍተያው የድሃው ሰው የእጅ ሥራ ነበር። አንበሶቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1950፣ አገሪቱ ሪፐብሊክ በሆነችበት ቀን፣ የመንግሥት ዓርማ ሆኑ። ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ «እውነት ብቻ ታሸንፋለች» ይላል። የተወሰደው ከቡድሂስት መጽሐፍ አይደለም፣ ሙንዳካ ኡፓኒሻድ ከሚባለው የሂንዱ መጽሐፍ ነው። የቡድሂስት ንጉሥ ድንጋይና የሂንዱ መጽሐፍ ቃል አንድ ዓርማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሂንዱ የሚበዛበት አገር ለምን?» ላልከው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ጊዜው 1947 ነው፤ አገሪቱ በሃይማኖት ለሁለት እየተከፈለች ነው፣ ሰው እየተራረደ ነው። የአንድ አምላክ ምልክት ቢሰቀል ሌላው ወገን የኔ አይደለም ማለቱ አይቀርም። አሾካ ራሱ ቡድሂስት ነበር፤ ግን በ12ኛው የአለት አዋጁ የሁሉንም ሃይማኖት ሰዎች እንደሚያከብር ጽፏል። የራሱን ሃይማኖት ለማሞገስ ብሎ የሌላውን የሚያንቋሽሽ ሰው የራሱን ይበልጥ ይጎዳል ይላል። በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይገኝ ነበር? እኔ ምርጫው ልክ ነበር ባይ ነኝ።

ስለ 24ቱ መልካም ጠባዮች ግን ቁርጡን ልንገርህ። ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ ድፍረት እያለ የሚዘረዝረው ዝርዝር ጥንታዊ አይደለም። የአሾካ ጽሑፎች ስለ 24 ቁጥር አንድም ቃል አይሉም። ቡድሂስቶች ስቃይ የሚመጣባቸውን 12 ሰንሰለቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቆጥረው 24 ይሉታል፤ ይሄ ቢያንስ ከትምህርታቸው ጋር ይሄዳል። ሌላው የቀኑ 24 ሰዓት ነው ይላል። ጠራቢው ምን እንዳሰበ የጻፈልን የለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ ትርጉም የሚሰጥህን ሰው ስማው፣ ግን እንደ ታሪክ አትያዝበት።

እናትህን ለክትትል መልሰህ የምትወስድ ከሆነና ግማሽ ቀን ካገኘህ፣ ፊሩዝ ሻህ ያስመጣው ዓምድ እዚያው ዴልሂ ነው። ፊሩዝ ሻህ ኮትላ የሚባለው ፍርስራሽ ላይ ቆሟል፣ የአሾካ ጽሑፍም ላዩ ላይ አለ። ሐሙስ ከሄድክ ግቢው በሰው ይሞላል፤ እዚያ ይኖራሉ ለሚሏቸው ጂኒዎች አቤቱታ ጽፈው የሚያስቀምጡ ናቸው፣ ሙስሊሙም ሂንዱውም ይመጣል። አንበሶቹን ራሳቸውን ለማየት ግን ቫራናሲ መሄድ አለብህ። ሳርናት ሙዚየም ውስጥ፣ ገና ስትገባ ከፊትህ ናቸው። የዓምዱ ጉቶ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ በቦታው አለ፤ ላዩ ላይ ያለው አዋጅ ማኅበሩን የሚከፋፍል መነኩሴ ነጭ ልብስ ለብሶ ከገዳሙ ውጭ ይኑር የሚል ነው። ሙዚየሙ ዓርብ ዓርብ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አይተህ ትኬት ቁረጥ።